ተጠባባቂዋ

አልጣሽ እልልታዋን ጀምራ መሃል ላይ ዋጠችው። ሁለት ጊዜ ብቻ እልል እንዳለች መዳፏን አፏ ላይ ከደነች፤ ባሏን ባዬን አየችው፣ ስልክ ይዛ በሩ ሥር የቆመችውን የባሏን እህት ያምሮትን አየቻት፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ ሽሮው ድስት ዞራ ማማሰል ጀመረች። ግማሽ እልልታ ክፉ ነገር ነው። ሙሉውን የሰማ ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ያልፋል፤ ግማሹን የሰማ ጎረቤት ግን ነገሩ እስኪነገረው ድረስ ዕረፍት የለውም። የቤቱ አከራይ ወዲያው ብቅ ብለው ምን ተገኘ ብለው ጠየቁ፤ አልጣሽም ትንሹ ልጅ ፊደል ጨረሰልኝ ብላ ዋሸቻቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደወሉት ቡሬ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያዋ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ነበሩ። ያምሮት ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ስለከፈተችው፣ ተጠባባቂ ሆና የተያዘችበት የሒሳብ ባለሙያ መደብ እንደተከፈተና እሷ እንደምትቀጠር ሲናገሩ ቤቱ ሁሉ ሰማ። አልጣሽ እልል ያለችው እዚህ ላይ ነው። ያምሮት ግን የቀድሞዋ ለቃ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ፣ «አይ፣ እናትነሽ አርፋለች። ባሕር ዳር ሆስፒታል፣ ለቀዶ ጥገና ገብታ» አሏት። ከዚያ ድምፃቸውን ወደ ሥራቸው መልሰው፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ሲደውሉላት እንደሰነበቱ፣ የተሰጣት ቀን ዛሬ እንደሚያልቅ፣ ሥራ እስኪዘጋ ድረስ ዋና ማስረጃዎቿን ይዛ በአካል ካልቀረበች ቀጥሎ ያለውን እንደሚጠሩ ነገሯት።

የመንግሥት ሥራ ፈተና ተፈትኖ የማያውቅ ሰው ተጠባባቂ ማለት ምን እንደሆነ አይገባውም። ማስታወቂያ በሰሌዳ ይለጠፋል፤ አንድ ሰው ለሚፈለግበት መደብ አንድ ትምህርት ቤት የሚሞላ ምሩቅ ዲግሪውን በላስቲክ ጠቅልሎ ይመጣል። የፈተናው ቀን ስልክና ቦርሳ በር ላይ ይቀራል። አራሚው የማን ልጅ እንደሆንክ እንዳያውቅ ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፣ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ ቃለ መጠይቅ አለ፣ የዩኒቨርሲቲው ውጤት ይታከልበታል፣ ሁሉም ተደምሮ ሰሌዳው ላይ ይወጣል። አንደኛው ይቀጠራል። ቀጥለው ያሉት ግን አለፉም ወደቁም አይባሉ፤ ተጠባባቂ ተብለው ለስድስት ወር ይያዛሉ። አንደኛው መደቡን በተለያየ ምክንያት ቢለቅ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ባይመጣ ሦስተኛው ይጠራል። የተለያየው ምክንያት ምን ምን እንደሆነ መመሪያው አይዘረዝርም፤ ተጠባባቂው ግን ሌት ተቀን በሆዱ ሲዘረዝረው ይከርማል።

ያምሮት ሁለተኛ የወጣችው በግማሽ ነጥብ ነው። አንደኛ የወጣችው እናትነሽ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ላይ በተሰጠው ፈተና ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ የደረሳት ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። ዕረፍት ላይ የገብስ ቆሎ ከኪሷ አውጥታ አካፈለቻት፤ ለአንድ ወንበር እየተሻሙ ቆሎ መካፈል ምን ይባላል ብለው ሁለቱም ሳቁ። የእናቷ ቤት ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ከአስፋልቱ ገባ እንደሚል፣ ትልቅ ዋንዛ ደጁ ላይ እንዳለ፣ በዚያ ካለፈች ሳትገባ እንዳትሄድ አደራ ብላትም ነበር። ውጤቱ ከተለጠፈ ወዲህ ያምሮት በሄደችበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የለመነችው አንድ ነገር ነው፦ ቦታው ይከፈትልኝ። ክፉ አላሰበችም። የተሻለ ሥራ ታግኝ፣ ባል አግብታ አዲስ አበባ ትግባ ብላ ነው ያሰበችው። አፏ ያለው ግን ይከፈትልኝ ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሚከፈት ለእግዜር አልነገረችውም። አሁን ስልኩን ይዛ እንደቆመች ይህ ትዝ ሲላት እኔ ነኝ የገደልኳት የሚል ነገር ልቧ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ባዬ መምህር ነው፣ አልጣሽ ከቤት ነው የምትውል፤ ያምሮት ከተመረቀች ጀምሮ አራተኛ ዓመቷን ከመጋረጃው ወዲህ ከሁለቱ ሕፃናት ጋር ትተኛለች። ጤፍ በየገበያው ሲወደድ ባዬ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም፤ ማታ ማታ ብቻ አልራበኝም ማለት ጀመረ። ከስድብ የከፋው ይህ ነው። አልጣሽ እንጀራውን ወደ ያምሮት ገፋ ታደርጋለች፣ ያምሮት መልሳ ወደ ልጆቹ ትገፋለች፣ ማንም ምንም ሳይል ገበታው ይነሣል። እንዲህ ባለ ቤት የከረመ ሰው የሚያስደስተውን እንጂ የሆነውን መናገር ይረሳል። ያምሮትም ደህና ነኝ፣ ጠግቤያለሁ፣ አይበርደኝም እያለች ነው እዚህ የደረሰችው።

ዛሬም ክርክሩ በዝግታ ነበር። ባዬ መጀመሪያ ቡሬ ገብታ እንድትፈርም፣ ለቅሶውን እሑድ አብረው እንደሚደርሱ ነገራት። አልጣሽ ግን ማማሰያዋን አስቀምጣ፣ ለቅሶ ሳይደርሱ የሟች ወንበር ላይ መቀመጥ ነውር ነው፣ እንጀራውም አይረጋልሽም አለቻት። ያምሮት የአልጣሽን ሐሳብ ያዘች። የእናትነሽ እናት ቤት መንገዷ ላይ ነው፤ ወርዳ እናቲቱን እግዜር ያጥናዎ ብላ፣ ትንሽ ተቀምጣ፣ ከሰዓት በኋላ ቡሬ መግባት ትችላለች። ባዬ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል አስጠንቅቆ የመሳፈሪያ ሰጣትና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ጨዋ ያሳደጋት ልጅ ለቅሶ ይቅደም ብትል ማን ይፈርድባታል? ጥፋቷ ግን ከዚሁ ከጨዋነቷ ጀመረ።

ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሣ መናኸሪያው ውስጥ ብዙ ተቀመጠች። ረዳቱ ነዳጅ በጥቁር ገበያ ነው የምንገዛው ብሎ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፤ ሁሉም አጉረመረመ፣ ሁሉም ከፈለ። ከከተማው ሲወጡ ፍተሻ ነበር፤ ወርደው መታወቂያ አሳይተው፣ ተሰልፈው፣ ተመልሰው ተሳፈሩ። አጠገቧ የተቀመጠች ነጋዴ የበርበሬ ዋጋ ዘንድሮ እንዴት እንደወደቀ ስትነግራት ያምሮት እሺ እሺ ትላለች እንጂ አትሰማም። የማስረጃዎቿን ፋይል ጭኗ ላይ ይዛ፣ ለእናቲቱ ማነኝ እንደምትል ታስባለች። ልጅሽ ስለሞተች እኔ ተቀጠርኩ አይባልም። አብራኝ ተፈትና ነበር ብትል ይበቃል።

ስትወርድ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ወግ አዘቅዝቃ፣ ፋይሉን ከሥሩ ይዛ፣ በተለቀመው የበርበሬ ማሳ መሃል በሚወርደው መንገድ ሄደች። ለቅሶ ቤት ከሩቅ ይታወቃል፤ ዳስ አለ፣ አግዳሚ አለ፣ ቀዝቀዝ ብለው የተቀመጡ ወንዶች አሉ። ዋንዛው ሥር ግን ምንም አልነበረም። ሰልስቱ አልፎ ሰው ተበትኖ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ወደ ደጁ ስትጠጋ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ሰሌን ላይ ያሰጡትን ቀይ በርበሬ እየለቀሙ ለራሳቸው ሲያንጎራጉሩ ሰማች። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ነበሩ፣ የእናትነሽ እናት። መልካቸው ቁርጥ ልጃቸውን ነው።

«ግቢ ልጀ፣ ምን ፀሐይ ላይ ያቆምሻል» አሉ። ከዚያ ነጠላዋን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከለቅሶ ነው የምትመጭ? ነፍስ ይማር። ማን ሞተባችሁ?»

ያን ጊዜ ገባት። በዚህ አገር መርዶ ወግ አለው፤ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና በማለዳ ነው የሚነገረው። እስከዚያ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ የሟች እናት ግን በርበሬዋን ስትለቅም ትሰነብታለች። ያምሮት መርዶው ካልተነገረበት ቤት ለቅሶ መጥታለች። ዞራ ብትሄድ ነገሩ ይገለጣል፣ ብትቆምም ይገለጣል። አንድ ነገር መናገር ነበረባት፣ የመጣላት ደግሞ እውነቱ ነበር።

«አብራኝ የተፈተነች ልጅ ናት» አለች።

«እናቷስ እንዴት ትችለው ይሆን» አሉ ወለተ ሥላሴ፣ እጃቸውን ከበርበሬው አንሥተው ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ያምሮት ዓይኗ ሞላ። ሴትዮዋ በርበሬው ነው፣ የለመደው ሰው እንኳ አይችለው ብለው ክንዷን ይዘው ወደ ቤት አስገቧት። መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉላት፣ እርጎ አመጡላት፣ ሳትጨርስ ደግሞ ጨመሩላት። ነጠላዋን እየተሽቆጠቆጠች አስተካክላ ለበሰች። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ላይ የምረቃ ፎቶ አለ፣ እናትነሽ ጥቁር ካባ ለብሳ ትስቃለች። አልጋው ላይ የተዘረጋውን አዲስ ብርድ ልብስ ልጃቸው በመጀመሪያ ደመወዟ እንደገዛችላቸው፣ እሳቸው ግን እንዳያረጅ ብለው ሌላ ደርበው እንደሚተኙ ነገሯት። እሷም ተፈትና ነው ሥራ የያዘች አሉ፤ ስንቱን ልጅ ቀድማ። ታውቂያት ይሆን ሲሏት ያምሮት አውቃታለሁ አለች። የፊታቸው ብርሃን ሲጨምር ማየት አስፈራት።

ወንድማቸው አቶ ትዕዛዙ ልጅቱ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዳለች ብለዋቸው ነበር። ስልኳም አይሠራም፤ ሥልጠና ላይ ስልክ ይከለከላል አሉ፣ እንደ ፈተናው። ሰሞኑን ግን እንቅልፍ አጥተዋል፤ በሕልማቸው እየመጣች ደጁ ላይ ትቆማለች፣ ግቢ ሲሏት አትገባም። ይህን ሲናገሩ እንደ ዋዛ ነው፣ ዓይናቸው ግን ከያምሮት ፊት አልተነሣም። ከዚያ ጠየቋት። «አይተሻታል? ደህና ናት ልጀ?»

«ደህና ናት እማማ» አለች ያምሮት። አራት ዓመት የሰለጠነ ምላስ በዚህ አልቆመም። «ሥልጠናውም አልቋል፣ ተመልሳለች።»

ወለተ ሥላሴ ቆመው ተመስገን አሉ፣ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ያምሮት ወዴት እንደምትሄድ ጠየቋት፤ እሷም ሳታስብ ቡሬ አለች። እንግዲያው አብረን ነዋ የምንሄድ፣ እኔስ ምን እጠብቃለሁ ብለው ነጭ ልብሳቸውን ከሳጥኑ ማውጣት ጀመሩ። ለልጃቸው ያስቀመጡት ድልህ አለ፣ ማር አለ፣ ሁሉ ይያዛል። ያምሮት ቢሮ አትገኝ ይሆናል ብትላቸው ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ አሏት። ከሰሌኑ ላይ በርበሬውን ሳያነሡ፣ ጎረቤት አደራ ሳይሉ፣ እንደ ኮረዳ ተጣደፉ።

አቶ ትዕዛዙ የደረሱት ይኼኔ ነው። ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት ወደ እኅታቸው ቤት ስትወርድ ከማሳቸው አይተው ሮጠው ነው የመጡት፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ወለተ ሥላሴ ከውስጥ ሆነው ልጄ ተመልሳለች፣ ቡሬ ልወርድ ነው ሲሏቸው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ያምሮትን ወደ ዋንዛው ሥር ወስደው ምን እንደነገረቻቸው ጠየቋት። ነገረቻቸው። አልተቆጧትም። ቁጭ አሉና አፈሩን በከዘራቸው እየቧጠጡ አስረዷት፤ ልጅቱ ስትሞት መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሬሳዋን ማምጣት አልተቻለም፣ እሳቸው ራሳቸው ባሕር ዳር ቀብረዋታል። ወንድሟ ስመኘው ለሥራ ከሄደበት መተማ ዛሬ ማታ ይገባል፤ መርዶው ለነገ ንጋት ተቀጥሯል። ሴትዮዋ አሁን የቀራቸው ይኸው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱ ሳይኖር እንዳይነገራቸው ዘመድ ሁሉ ተማምሏል።

«አሁን መኪና ላይ ብትወጣ ከማታውቀው ሰው አፍ ትሰማዋለች» አሉ። «አንድ ነገር አርጊልን። እኅቴ እንግዳ ትታ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ደክሞኛል፣ ልደር በያት። አንች ካደርሽ እሷም አትሄድም።»

ያምሮት ፀሐይዋን አየች። ቀላል ነገር ነው የጠየቋት፤ አጎዛ ላይ ተቀምጦ እርጎ መጠጣት። እሷም የሚያስፈልጋት ቀላል ነገር ነው፤ አንድ ፊርማ። ሁለቱ ግን በአንድ ቀን አይሆኑም። የባዬ አልራበኝም ጆሮዋ ላይ መጣ፤ መጋረጃው፣ ሰሌዳው፣ አራት ዓመት ላስቲክ ውስጥ የቆየው ዲግሪ ሁሉ መጣ። ብትቀር ማንም አያመሰግናትም፣ ነገም ሥራ የለም። ብትሄድ ደግሞ ምን እንደምትሆን አላወቀችም። ማልቀስ ፈለገች፤ ግን ማልቀሱ ራሱ ውሸት መሰላት።

«አባባ፣ ዛሬ ሥራ ሳይዘጋ ቡሬ ካልደረስኩ ቦታው ለሌላ ይሰጥብኛል» አለች።

የምን ቦታ እንደሆነ ጠየቋት። ፋይሉን ከነጠላዋ ሥር ወደ ደረቷ ሳበችው። የእናትነሽን መሞት ማስረጃ ለመሥሪያ ቤቱ ያደረሱት እሳቸው ናቸውና ነገሩ ለመግባት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ፋይሉን አዩ፣ ፊቷን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ማሳው መለሱ። ስድብ ትጠብቅ ነበር፤ ቢሰድቧት ኖሮ ሸክሙ ይቀላት ነበር።

«እንጀራሽ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሂጅ። እኛም የሆነውን እንሆናለን።»

እናቲቱ በር ላይ ብቅ አሉ፤ ነጭ ለብሰዋል፣ የድልሁን ብልቃጥ በጨርቅ አስረው ይዘዋል። አቶ ትዕዛዙ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወለተ፣ እስቲ ግቢና ቁጭ በይ አሏቸው። ያምሮት ሳትሰናበት በአጥሩ ጥግ ወጣች። ዳገቱን ስትወጣ አሁንም ብትመለስ ይቻላል እያለች ነው የምትራመደው። እስከ ግራሩ ድረስ ልሂድና እመለሳለሁ አለች፣ ግራሩን አለፈችው። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ጩኸቱ ተነሣ። መጀመሪያ የአንድ ሴት ድምፅ ነበር፣ ረጅም፤ ከዚያ ከየቤቱ የሚሮጡ ሰዎች ድምፅ ተቀላቀለበት። ያምሮት አልዞረችም።

ሚኒባሱ ቆመላት። ረዳቱ ቡሬ ነሽ አላት፣ ገባች። በመስኮቱ ጩኸቱ ይሰማ ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አማትበው፣ «በዚህ ሰዓት መርዶ የሚያረዳ ምን ዓይነት ሰው ነው? ዘመድስ የላትም?» አሉ። ሹፌሩ ለአክብሮት ሙዚቃውን ዘጋው፤ ለያምሮት ግን ጸጥታው ባሰባት፤ ጩኸቱ መሰማት ካቆመ በኋላም እሷ ትሰማው ነበር።

ቡሬ ደርሳ ከተሳፈረችበት ባጃጅ ወርዳ ስትሮጥ መሥሪያ ቤቱ ገና አልተዘጋም። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ቀረሽ ብዬ ነበር አሏት፤ ዲግሪዋን አዩ፣ ኮፒውን ከዋናው ጋር አመሳከሩ፣ የት እንደምትፈርም በጣታቸው አሳዩዋት። ፈረመች። ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ እንዳለ፣ ሰኞ ሥራ እንደምትጀምር፣ ጠረጴዛዋ በመስኮቱ በኩል ያለው እንደሆነ ነገሯት። ሟቿን ታውቂያት ነበር ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ ብዙም አላውቃትም አለች። ምስኪን፣ ጎበዝ ልጅ ነበረች አሉና ማኅተሙን መቱ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ወጣት አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጭኑ ላይ ፋይል አለ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ከኋላዋ ወጥተው፣ ዓለምነህ ይባላል፣ ሦስተኛ የወጣው ነው፣ አንቺ ባትመጪ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ አስጠብቄው ነው አሏት። ለእሱ ደግሞ፣ አይዞህ፣ የተጠባባቂነቱ ጊዜ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፣ ስምህ አይሰረዝም አሉት። ወጣቱ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት፣ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። አነጋገሩ የዋህ ነው፤ አብረን እንደተፈተንን መጠያየቅ አለብን ብሎ ስልኳን ጠየቃት፣ ሰጠችው። ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት እሷም የእናትነሽን ስልክ በዚሁ ለስላሳ ድምፅ ተቀብላ ነበር፤ በየበዓሉም እየደወለች፣ እንዴት ነሽ፣ ሥራው እንዴት ነው፣ ተስማማሽ ወይ እያለች ትጠይቃት ነበር። እናትነሽ ደግሞ የምትወደኝ ጓደኛ አገኘሁ ትላት ነበር።

ዓለምነህ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ጥቂት ርምጃ ሄዶ ዞረ።

«ለመሆኑ ጤናሽስ እንዴት ነው?» አላት።

«ደህና ነኝ» አለችው ያምሮት።